አንድም የሚያውቅ ዊኪ

ፈህሚያ ዐብዱረሕማን ሶፍትዌር ስትመርጥ ያያት ሰው፣ ለልጇ ሚስት የምታጭ እናት ትመስለዋለች። መልኩን ታያለች፣ ጠባዩን ታጠናለች፣ ከየት እንደመጣና እነማን እንደሚያውቁት ትጠይቃለች፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ «እስቲ ደግሞ ሌላም ልይ» ትላለች። ይህ አመል የመጣባት ከቤት ነው። አባቷ ጎንደር ውስጥ አራዳ ገበያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። እሷም ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ደንበኛ ጨርቅ ሲመርጥ እያየች ነው ያደገችው። አንድ ጣቃ ብቻ አስወርዶ የገዛ ሰው አይታ አታውቅም። ጣቃው ሁሉ ይወርዳል፣ ይዘረጋል፣ በጣት ይታሻል፣ በር ድረስ ተወስዶ በፀሐይ ይታያል። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የወረደው ይገዛል።

የምትሠራው «ፈሰስ» በሚባል የመስኖ ፓምፕ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ፓምፕ ይሸጣል፣ ይተክላል፣ ሲበላሽም ይጠግናል። ዋናው ወርክሾፕ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሲሆን ኮላ ድባ አንድ፣ ዛሪማ አንድ ቅርንጫፍ አለው። ፈህሚያ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኮምፒውተር ስለነበር፣ ስትቀጠር ስለ ፓምፕ የምታውቀው ውሃ የሚወጣበት ነገር መሆኑን ብቻ ነበር። የቀረውን ያስተማሯት ዋናው መካኒክ አያ አድማሴ ናቸው። መጀመሪያ ቀን አንድ ፓምፕ ፊቷ ፈታቱና «በይ፣ አሁን አንቺ ግጠሚው» ብለዋት ሄዱ። እስኪመሽ ስትታገል ውላ ስትገጥመው አንድ ብሎን ተረፈ። አያ አድማሴ ብሎኑን አንስተው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። «ይኸ የኔ ነው፤ አውቄ ነው የጨመርሁት» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈህሚያ ለሰውየው ያላት ፍቅር ለአባቷ ካላት ብዙም አያንስም።

እንግዲህ እኒህ አያ አድማሴ ከፋሲካ በኋላ ጡረታ ወጥተው የትውልድ አገራቸው ዛሪማ ሊገቡ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ አቶ የሺዋስ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ሰውየው አውቶቡስ ሲሳፈሩ የድርጅቱ እውቀት አብሯቸው ሊሳፈር ነው። ስለዚህ ፈህሚያን ጠርተው፣ አያ አድማሴ የሚያውቁት ሁሉ ተጽፎ የቅርንጫፍ መካኒኮችም ደንበኞችም በስልካቸው የሚያነቡት ሆኖ እንዲወጣ አዘዟት። ለዚህ የሚሆነው ዊኪ ነው፤ ዊኪ ማለት አንዱ የጻፈውን ገጽ ሌላው ገብቶ የሚያርመውና የሚጨምርበት ድረ ገጽ ነው። የዊኪ ሶፍትዌር ደግሞ እንደ አራዳ ጨርቅ ዓይነቱ ብዙ ነው። ምርጫው የፈህሚያ ሆነና ሰርጓ የደረሰ ያህል ደስ አላት።

ብዙ አውርዳ፣ ብዙ ዘርግታ፣ በመጨረሻ ሦስት አስቀረች። የፈረንጅ ስማቸው ለአፍ ስለማይመች የራሷን ስም አወጣችላቸው። የመጀመሪያው «ባላገሩ» ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ፊቱ ነጭ ወረቀት ይመስላል፣ ግን ቀላል ነው፣ ያረጀ ስልክ ላይም ይከፈታል። ሁለተኛው «ገበያው» ነው፤ ሁሉም የሚገባበት፣ ሁሉም የሚናገርበት፣ መውጫው የሚጠፋበት። ሦስተኛዋ «ሙሽራዋ» ናት። ሙሽራዋን ያያት ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም። ቀለሟ፣ ፊደሏ፣ የገጾቿ አገላለጥ ልብ ይሰርቃል። በዚያ ላይ ማን ምን እንደቀየረ ወዲያው ታሳውቃለች፦ የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የወጣው በቀይ ተሰርዞ፣ ከአራሚው ስም ጋር።

ፈህሚያ ሦስቱንም በአባቷ ስም ፈተነቻቸው። ያንን ስም ጎንደር ውስጥ ሰው ሁሉ እንዳሻው ስለሚጽፈው፣ በአንዱ «ሀ» የተጻፈውን በሌላው «ሐ» ሲፈለግ የማያገኝ ሶፍትዌር እዚህ አገር ብዙ አይራመድም። ባላገሩ ትንሽ ሲያስተምሩት ገባው። ሙሽራዋ «አልተገኘም» አለች፤ አባቷን ያህል ሰው አራዳ ላይ ማጣት በጎንደር ልጅ ፊት ቀላል ነውር አይደለም። ቢሆንም አቶ የሺዋስ አንድ ጊዜ ሙሽራዋን አይተዋታልና ሌላ ወሬ አልሰማ አሉ። «ይቺ ናት! እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር ይኑረን እንጂ!» ብለው፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በር የሚያህል ስክሪን አሰቀሉ። ስክሪኑ ዊኪው ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው ያሳያል። ፈህሚያም የሙሽራዋን ምናሌዎችና መልእክቶች አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰች። ራሷ ናት የመለሰችው፤ ይህ በኋላ ይመጣል።

የአያ አድማሴ ትምህርት ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይመጡና ከጠረጴዛዋ አጠገብ ካለው ወንበር ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አነጋገራቸው ወርክሾፕ ያደገ ሰው አይመስልም፣ ዜማ አለው። በልጅነታቸው ጎንደር የመጡት ለቤተ ክህነት ትምህርት ነበርና ቅኔውን ጨርሰው የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ገብተው ነበር። ለበዓል ወደ ዛሪማ ሲመለሱ ሊማሊሞ ላይ አንድ ማኪና ተበላሽቶ አዩ። ሾፌሩ ሲፈታው ቆመው ማየት ጀመሩ፣ ከዚያ ቁልፍ ማቀበል ጀመሩ፣ በዚያው ቀሩ። ፈህሚያ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስወራቻቸው እሷም አታውቀውም።

ገጾቹ ሲወጡ ፈህሚያ እርማቱ ይጎርፋል ብላ ጠበቀች። አንድም የነካ ሰው የለም። መካኒኮቹ ገብተው ያነባሉ፣ አንብበው ይወጣሉ። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ይሆን ብላ ቅዳሜዋን ስትመረምር አሳለፈች። መጨረሻ ላይ ኮላ ድባ ላለችው መካኒክ ለክብረት ደወለች። ክብረት ቀጠን ያለች፣ ቀልደኛ፣ ሞተር በጆሮዋ ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት።

«ክብረት፣ ምነው አንዳችሁም አታርሙም? ሁሉም ልክ ነው እንዴ?»

«ሁሉማ ልክ አይደለም። ‹ፓምፑ ውሃ አልስብ ሲል› የሚለው ገጽ ለኛ አይሆንም።»

«ታዲያ አርሚዋ!»

«የአያ አድማሴን ጽሑፍ? እኔ? እብድ ነሽ?»

ፈህሚያ ሳቀች። ዊኪ እንዲህ አይደለም፣ የሚታረመው ጽሑፉ እንጂ ሰውየው አይደለም፣ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው ብላ አስረዳቻት። ክብረት አሁንም አንገራገረች። «ግድ የለም፣ በኔ ይሁንብሽ» አለቻት ፈህሚያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ አድማሴ በዚያ ገጽ ላይ ፓምፑን በውሃ ሙሉና ሞተሩን ነዳጅ በሙሉ ሰጥታችሁ አስነሱት ብለዋል። ኮላ ድባ ያለችበት የደምቢያ ሜዳ ውሃ ግን ደለል ነው። ነዳጅ በሙሉ የተሰጠው ሞተር ደለሉን በአንድ ትንፋሽ ይስበውና የፓምፑን ክንፍ ይበላዋል። ክብረት በዚያ የተበላ ክንፍ ስትቀይር ነው የምትውለው። እናም ያቺን መስመር አውጥታ «በቀስታ አስነሱት» የሚል አስገባችበት።

ጎንደር ላይ እንግዳ መቀበያው ሙሉ ነበር። ስክሪኑ ብልጭ አለና በቀይ፣ በትልቁ፣ «ክብረት የአድማሴን ጽሑፍ ሰርዛለች» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ፈህሚያ ናት። ሙሽራዋ «አያ» የምትልበት ቦታ የላትም፤ ስም ስም ነው። ከስሩ የአያ አድማሴ ቃል መሀሉን በቀይ መስመር ተቆርጦ ተዘርግቷል። ከደምቢያ የመጡ አንድ ደንበኛ ጮክ ብለው አነበቡት።

«አድማሴ ማለት አያ አድማሴ ናቸው? ምነው ሰረዟቸው? አባረሯቸው እንዴ?»

አያ አድማሴ የሰውየውን ፓምፕ ይዘው ከወርክሾፑ በር እየወጡ ነበር። ቀና ብለው አነበቡ። ፓምፑን አስቀመጡ፣ ለደንበኛው አሠራሩን በትሕትና አስረዱ፣ ተመልሰው ገቡ።

በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በሳልስቱም። ሥራቸውን አልበደሉም፤ ይገባሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይወጣሉ፤ ወደ ጠረጴዛዋ ግን ድርሽ አላሉም። ገና ያልተጻፈው ብዙ ነበር። በተለይ አሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች፣ ከእሳቸው በቀር ነፍስ የሚዘራባቸው የሌለው፣ አንድ መስመር አልተጻፈላቸውም። አቶ የሺዋስ የጨነቃቸው ለሞተሮቹ ነው። ፈህሚያን የጨነቃት ሌላ ነው። ሰውየው ብሎኑን ኪሳቸው ከተው ገመናዋን ሸፍነዋል፤ እሷ የእሳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። አስባው አይደለም፣ ግን ሰቅላዋለች። ዙህር ሰግዳ ስትነሣ እንባዋ እንደመጣ ለማንም አልነገረችም፤ ይህን የምነግረው ለእናንተ ብቻ ነው።

ክብረት ወሬውን ሰምታ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተፍ አለች። «ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ ወይስ ምን ልሁን?» አለች፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነበር። «ፓምፕ ተሸከሚ፣ ለሳቸው እሱ ይሻላል» አለቻት ፈህሚያ። ሁለቱም ለመሳቅ ሞከሩና አልሆነላቸውም። ወርክሾፑ ጀርባ፣ አያ አድማሴ አንድ አሮጌ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው አገኟቸው።

«አያ አድማሴ፣ እንዴት ዋሉ?» አለች ፈህሚያ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሪት?»

እርስዎ! በተዋወቁበት ዘመን ሁሉ «አንቺ» ነው ያሏት፤ ሲቆጡ «አንቺ»፣ ሲስቁ «አንቺ»። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ክብረት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት።

«ተነሽ፣ ተነሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«እጄን በቆረጠው፣ አያ! መሰረዝ እንደሚሉት መች አወቅሁ!»

«ልክ ነሽ አይደለሽም እሱን ተይው» አሉ። ቁልፋቸውን አስቀመጡ። «የመታረም ነገር አይደለም። ትርጓሜ ቤት ሳለሁ የኔታ አንዱን ንባብ ያነቡና የፊተኛው መምህር የፈታውን ይነግሩናል። ከዚያ አንድም ይላሉ፤ የሌላውን ፍቺ ያመጣሉ። ደግሞ አንድም ይሉና ሦስተኛ ይጨምራሉ። የኋለኛው የቱንም ያህል ቢበልጥ የፊተኛው ካለበት አይነቀልም። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እስከዛሬ ቃሉ እንዳለ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ቁሜ፣ ሰው እያየ፣ በቀይ ተሰረዝሁ።» ወደ ፈህሚያ ዞሩ። «ያንቺ ማሽን ማጥፋት እንጂ አንድም ማለት አያውቅም!»

ከዚህ ሁሉ ቁጣ ፈህሚያ የያዘችው አንዲት ቃል ናት። «ያንቺ» ብለዋል። ሳያስቡት አምልጧቸው ነው፣ ቢሆንም ብለዋል። ያቺን ቃል ይዛ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው አባቷ ሱቅ ነው። ሼኽ ባይባሉም አባቷ በልጅነታቸው ኪታብ የቀሩ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ የተማሩ ሰው ናቸው። ጣቃ እየጠቀለሉ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ይኸማ ምን ያስደንቃል» አሉ። «የኛም ኪታብ እንዲሁ አይደል? ዋናው ጽሑፍ መሀል ይቀመጣል፤ ከሱ በኋላ የመጣው ዓሊም የሚለውን በዳር በዳሩ ይጽፋል። መሀሉን ፍቆ የጻፈ አላየሁም። ለመሆኑ ጣቃ አስወርደሽ ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ፣ አባ።»

«መጀመሪያ የወረደው የቱ ነበር?»

ፈህሚያ አፏን ያዘች። መጀመሪያ የወረደው ባላገሩ ነበር።

እንደገና ዘረጋቻቸው፤ አሁን ግን የምትፈልገውን ታውቃለች። አንድም የሚያውቀው የቱ ነው? ገበያው አስተያየት መስጫ አለው፣ ግን ከገጹ ጀርባ ተደብቆ ስለሆነ ጓዳ እንደማማት ነው። ሙሽራዋ ከሰረዝ ሌላ ቋንቋ የላትም። ባላገሩ ጌጥ የለውምና የነገሩትን ይሰማል። ሁለት ቀን ተቀምጣ አንድ ነገር ሠራችለት። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «አንድም» የሚል ቁልፍ አለ። የተጫነው ሰው ሐሳቡን ይጽፋል፤ የጻፈው ከላይኛው ሥር ይሰለፋል፣ ስሙና ቦታው ይከተላል፣ የላይኛውን ማንም አይነካም። የላይኛውን መለወጥ የሚችለው ራሱ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። የክብር መጠሪያ መጻፊያ ቦታም አበጀችለት፤ አያም፣ ሼኽም፣ መምህርም፣ የፈለገ ያለውን ይጻፍ።

የቀሩት አቶ የሺዋስ ነበሩ። «ሙሽራ አግብተን፣ ዘመድ አይቶ አመስግኖ፣ አሁን ልንፈታ ነው?» አሉ።

«አቶ የሺዋስ፣ ኮላ ድባ ድረስ መሄድ የማትችል ሙሽራ ናት። ይደውሉና ክብረትን ይጠይቋት።»

ደወሉ። ክብረት እዚያው በስልክ እያሉ ሙሽራዋን ከፈተቻት፤ ስለ ኔትወርኩ ሲያወሩ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ፣ ስለ ክብረት እናት ጤና ሲያወሩ ሙሽራዋ ገና አልደረሰችም። ባላገሩ ከሰላምታው በፊት ተከፈተ። አቶ የሺዋስ እሺ አሉ። ስክሪኑን ግን አላወርድም አሉ፤ የዓለም ዜና ይታይበታል።

አንድም ወጣና ወዲያው ተያዘ፤ ከልክ በላይ ተያዘ እንጂ። የዛሪማው ስለ ቱቦ አንድም አለ፣ የኮላ ድባው አንድም ብሎ መለሰለት። አቶ የሺዋስ ስለ ሥራ ሰዓት ያወጡት ማስታወቂያ ሥር አንዱ «አንድም፦ ሚኒባስ ሲጠፋ በተገኘበት ሰዓት» ብሎ ጻፈ። አቶ የሺዋስ ተናደዱ፣ ከዚያ ራሳቸው ዘግይተው የመጡ ቀን ዝም አሉ። ፈህሚያ የአያ አድማሴን የተሰረዘች መስመር ወደ ቦታዋ መልሳ፣ ስማቸውን በሙሉ ክብሩ ጻፈች። ክብረትም ከሥሯ «አንድም፦ ውሃው ደለል እንደሆነ ነዳጁን በቀስታ መስጠት። ክብረት፣ ኮላ ድባ» አለች። ወንበሩ ግን አሁንም ባዶ ነው። ሕማማት ገባ። የአያ አድማሴ ሻንጣ ታስሯል የሚል ወሬ ተሰማ። ፈህሚያ ወንበሩን ጠዋት ጠዋት ትወለውለዋለች፤ ሌላ የምታደርገው ነገር አጥታ ነው።

በስቅለት ዋዜማ፣ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ያ ገጽ አዲስ አንድም ይዞ ጠበቃት። አያ አድማሴ በሕይወታቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። በስልክ፣ በአንድ ጣት የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ እዚያም እዚህም ተሳስቷል። እንዲህ ይላል፦ «አንድም፦ የክብረት ይበልጣል። እኔ የዛሪማን ጥሩ ውሃ ይዤ ነው የጻፍሁት። አድማሴ።»

ደጋግማ አነበበችው። «አያ» የምትለውን ራሳቸው አልጻፏትም። ከኋላዋ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «የናፍጣ ሞተሮቹ አሉ አይደል? ጊዜ የለኝም፤ ጻፊ።»

ጻፈች። ፋሲካ አልፎ፣ ሻንጣው ተፈትቶ፣ ጉዞው ወደ ዳግማይ ትንሣኤ ተዛውሮ፣ ከዚያም ሌላ ሳምንት ተጨምሮበት ጻፈች። አንዳንዴ ክብረት በስልክ ገብታ «አያ፣ አንድም ልበል?» ትላለች፤ እሳቸው «በይ፣ ሸጋ አድርገሽ በይ» ይሏታል። የመጨረሻው ሞተር የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ አያ አድማሴ ብድግ አሉና ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ከታች ቦታ ተይለት» አሉ።

«ማሽኑ ራሱ ይተዋል፣ አያ።»

«ይተው። አንቺም ተይ። ከኔ በኋላ የሚመጣው የሚለው አይጠፋውም።»

ፈህሚያ ፊታቸውን ማየት አልቻለችም። ባያስፈልግም እሺ ብላ፣ ከሥሩ ሦስት አራት ባዶ መስመር ጨመረችበት።